የሚቋረጠው ሥዕል፤ የቀጥታ ቴሌቪዥን እክልና በቤት ውስጥ የተደረገው ፍለጋ ታሪክ

ቴሌቪዥን በሩቅ ስፍራ የሚደረገውን ነገር በሚደረግበት ሰዓት በቤቱ ለተቀመጠ ሰው ለማሳየት የተሠራ መሣሪያ ነው። ስለ መሣሪያው መፈልሰፍና ስለ ጣቢያዎቹ መመሥረት ብዙ ተጽፏል። ሥዕሉ በመካከል ሲቋረጥ ባለቤቱ ምን ያደርግ እንደ ነበረ፣ የእክሉንም ምክንያት ከወዴት ይፈልግ እንደ ነበረ የሚያወሳ ጽሑፍ ግን በብዛት አይገኝም። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ይህን ጉዳይ በታሪክ ረገድ መመርመር ነው። የማቀርበውም ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የመላኪያው ዘዴ በተለወጠ ቍጥር እክሉ የሚገኝበት ስፍራ አብሮ ይዛወራል፤ ሰው ግን በቀድሞው ስፍራ መፈለጉን አይተውም የሚል ነው። ዛሬ በኢንተርኔት የሚመጣው የቀጥታ ሥርጭት እየቆመ ሲያስቸግር አንዱ አዲስ ቴሌቪዥን ይገዛል፣ ሌላው የኢንተርኔቱን ጥቅል ከፍ ያስደርጋል፣ ሥዕሉም እንደ ቀድሞው መቆሙን ይቀጥላል። ደመወዙ በወር ተቈጥሮ ለሚደርሰው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዓመታቱ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈባቸው በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

የእንግሊዙ ቢቢሲ በለንደን ከአሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ሥራውን የጀመረው ልክ በሃያ ስምንተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን፣ ማለት በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር። የእኛ ቀን የተመረጠው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል መታሰቢያ ስለ ነበረ የሁለቱ መገጣጠም የአጋጣሚ ነገር ነው። የሆነ ሆኖ በሁለቱም አገር ሥዕሉ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ አንድ ዓይነት ነበር። ከፍ ካለ ስፍራ ላይ የቆመ ማሠራጫ የራዲዮ ሞገድ ይልካል፤ በጣራ ላይ ወይም በመሣሪያው ጀርባ የተተከለው አንቴና ሞገዱን ይቀበላል፤ መሣሪያው ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ከማሠራጫው 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ቤት የሚደርሰው በሰከንድ ሠላሳ ሺሕኛ ክፍል ውስጥ ነው። «ቀጥታ» የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ያለ ማጋነን እውነት ነበር። በጁን 2 ቀን 1953 የንግሥት ኤልሣቤጥን የዘውድ በዓል በብሪታንያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በቴሌቪዥን ሲመለከት ዘውዱ በራስዋ ላይ የተደፋበትን ቅጽበት ሁሉም ከሞላ ጐደል በአንድነት አየ።

የአንቴናው ዘመን እክል አንድ መልካም ጠባይ ነበረው፤ ራሱን አይሰውርም ነበር። ሞገዱ በደከመ ጊዜ ሥዕሉ በነጫጭ ነጠብጣብ ይሸፈናል፤ ድምፁም ይንሾካሾካል። ሞገዱ ከተራራ ወይም ከትልቅ ሕንፃ ላይ ነጥሮ ዘግይቶ በሚደርስበት ቤት ደግሞ እያንዳንዱ ሰው አጠገቡ ጥላ የሚመስል ሁለተኛ ሰው አስከትሎ ይታያል። እንደ አዲስ አበባ በተራራ ሥር ለተቀመጠ ከተማ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። በአቅራቢያ የቆመ መኪና ሞተሩን ሲያስነሣ በሥዕሉ ላይ የነጥብ መስመር ያልፋል። ስለዚህ ባለቤቱ ያልተማረ ቢሆን እንኳ ሥዕሉን እያየ ምክንያቱን ለመገመት ይችል ነበር። ደካማ ከሆነ አንቴናውን ከፍ ያደርጋል፤ ጥላ ከመጣበት አቅጣጫውን ያዞራል። አንድ ልጅ ጣራ ላይ ወጥቶ ብረቱን ሲያዞር፣ ሌላው በመስኮት ብቅ ብሎ «መጣ! ሄደ! እዚያው ላይ ያዘው!» እያለ ሲጮኽ ያላየ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ይህ አሠራር ቢያስቅም በመሠረቱ ትክክለኛ የምርምር ዘዴ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፣ ውጤቱ ወዲያው ይታያል፣ የተሻለው ይያዛል።

የሩቁን አገር ነገር በቀጥታ ማየት ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ራዲዮ ከሰማይ ነጥሮ ወደ ሩቅ አገር አይደርስም፤ ከማሠራጫው አድማስ ብዙ አያልፍም። ይህን የለወጠው ሳተላይት ነው። ቴልስታር በጁላይ 1962፣ ሲንኮም 3 በኦገስት 1964 ወደ ሰማይ ወጡ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሥዕል በሲንኮም 3 አማካይነት ፓሲፊክ ውቅያኖስን ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ደርሷል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ የሚያዝንበት ነገር አለ። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ድል በቶኪዮ ያገኘው በኦክቶበር 21 ቀን ነው፤ የራሱ አገር ቴሌቪዥን የተከፈተው ግን ከዚያ አሥራ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። ጃፓናውያን ሩጫውን በየቤታቸው ሲከታተሉ የአበበ ወገኖች የሚመለከቱበት መሣሪያ ቀርቶ ጣቢያውም አልነበራቸውም።

ሁለተኛው ዘመን የዲሽ ዘመን ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች በምድር ወገብ ላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይቆማሉ። ሞገዱ ወጥቶ እስኪመለስ አንድ አራተኛ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ መዘግየቱን ተመልካች አያስተውለውም። ናይልሳት 101 በ1998 ከወጣ በኋላና የመቀበያ መሣሪያ ዋጋም እየረከሰ በሄደ ጊዜ በአዲስ አበባ ጣራዎች ላይ ክብ ብረት በዛ። የምሥራቹ ጥርት ያለ ሥዕል መገኘቱ ነበር። ይህ ሥዕል ግን በቍጥር የተጻፈ፣ ማለት ዲጂታል ስለ ሆነ፣ የእክሉ ጠባይ ፈጽሞ ተለወጠ። በአንቴና የሚመጣው የቀድሞው ሥዕል ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ዲጂታሉ ግን የሚቀበለው ጥራት ከአንድ መጠን በላይ እስከ ሆነ ድረስ ምንም እንከን አይታይበትም፤ ከዚያ መጠን ዝቅ ባለ ጊዜ ግን በድንገት በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ተበታትኖ ይደርቃል። በሐምሌና በነሐሴ ከባድ ዝናም ሲወርድ ጣቢያው የሚጠፋው ስለዚህ ነው፤ በ11ና በ12 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ውኃ ስለሚውጠው ነው።

በዚህ ዘመን ባለቤቱ ሥዕሉን በማየት ብቻ ምክንያቱን ማወቅ ተሳነው። የደረቀ ሥዕል የዝናም፣ የተዘነበለ ዲሽ፣ የተበላሸ ኤልኤንቢ ወይም ውኃ የገባበት ገመድ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ መልኩ ግን አንድ ነው። በሪሲቨሩ ማውጫ ውስጥ «ጥንካሬ»ና «ጥራት» የሚሉ ሁለት መስመሮች ስላሉ ነገሩ በእነርሱ ይመረመራል። ልምድ የሌለው ሰው ጥንካሬው ሰባ ከመቶ ሆኖ ሲያይ ዲሹ ደኅና ነው ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ዲሹ ወደ ባዶ ሰማይ ዞሮም ቢሆን የጥንካሬው መስመር ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ የተፈለገው ሳተላይት መገኘቱን የሚናገረው ጥራቱ ብቻ ነው። ጣራ ላይ የሚሠራ ዲሽ ሠሪ ከታች ላለው ረዳቱ «ስንት ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስለ ጥራቱ ነው። ይህን ዕውቀት የሰጠው ትምህርት ቤት የለም፤ በየሰፈሩ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። ከ2019 በኋላ በነበሩት ዓመታት የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ7 ዲግሪ ምዕራብ ካለው ናይልሳት ወጥተው ኢትዮሳት በሚል ስም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሰባሰቡ የዲሽ ሠሪዎች ሙያ ዋጋው የታወቀ ይመስለኛል። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው ብረት ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት፤ ያላዞረውም ሰው ሪሲቨሩ የተበላሸ እየመሰለው ወደ ሱቅ ይዞት ይሄድ ነበር። እክሉ ከተዛወረ በኋላ በቀድሞው ስፍራ መፈለግ ያልሁት እንዲህ ያለውን ነው።

ሦስተኛው ዘመን ያለንበት ነው። በኢንተርኔት የቀጥታ ሥርጭት የተጀመረው በታላላቅ ጣቢያዎች አይደለም። በጁን 24 ቀን 1993 በካሊፎርንያ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የነበረ፣ አባሎቹ የኮምፒዩተር ሊቃውንት የሆኑ አንድ የሙዚቃ ቡድን፣ ጨዋታውን ኤምቦን በተባለው የሙከራ መረብ ወደ ልዩ ልዩ አገር ላከ። በኖቬምበር 1994 ዝነኛው የሮሊንግ ስቶንስ ቡድን በዚያው መረብ ከዳላስ ጥቂት ዘፈኖችን በቀጥታ አስተላለፈ። የሥዕሉ ጥራት የሚያስመሰግን አልነበረም። ዋናው ነገር ግን የመንገዱ ልዩነት ነው። የራዲዮ ሞገድ ለአንድ ሺሕ ሰውም ሆነ ለአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይላካል፤ ተመልካቹ ቢበዛ አይጠብም። በኢንተርኔት ግን በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ቅጂ ይጠይቃል፤ ቅጂው በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ከሌላው ሁሉ ጋር እየተጋፋ በአንድ ጐዳና ይመጣል። ጥቅሎቹ በሰዓታቸው ለመድረሳቸው መንገዱ ዋስትና አይሰጥም።

መሐንዲሶቹ ለዚህ ያገኙት መድኃኒት እንደ ገበሬ ጐተራ ማበጀት ነበር። ይህ ዘዴ በሰፊው የተለመደው አፕል በ2009 ባወጣው የአሠራር ደንብ ነው፤ በ2012ም ዳሽ የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ተከተለው። ሥርጭቱ በላኪው ዘንድ በየአሥር ሰከንዱ ይቈረጣል (አፕል በኋላ ወደ ስድስት ሰከንድ ዝቅ እንዲል መክሯል)። እያንዳንዱም ቁራጭ በልዩ ልዩ ጥራት ይዘጋጃል። የተመልካቹ መሣሪያ መንገዱ ሲሰፋለት ወፍራሙን፣ ሲጠብበት ቀጭኑን ቁራጭ ይጠይቃል። ሥዕሉ አንዳንድ ጊዜ ደብዘዝ ብሎ እንደ ገና የሚጠራው በዚህ ምክንያት ስለ ሆነ እክል ሳይሆን መፍትሔ ነው። መሣሪያው ሦስት ቁራጭ ያህል ከቀጥታው ወደ ኋላ ቀርቶ ይጀምራል፤ ከጐተራው እየበላ ጐተራውን ይሞላል። ሦስት ጊዜ አሥር ሠላሳ ነው። በኳስ ቀን በስልኩ የሚመለከት ተማሪ፣ ጐረቤት ካለው የዲኤስቲቪ ቤት «ጎል!» የሚል ጩኸት ሰምቶ የራሱ ስልክ ኳሱን ገና በመሐል ሜዳ ሲያሳየው መገረም የለበትም። በስልኩም ሆነ በመስመሩ ላይ ብልሽት የለም፤ የሰማው ጩኸት ከእርሱ ጐተራ ቀድሞ የመጣ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሆነው የአገር ቤቱን የጥምቀት በዓል በኢንተርኔት የሚከታተሉ ወገኖቻችንም በዲሽ ከሚያየው ዘመዳቸው ጋር በስልክ እየተነጋገሩ ሲመለከቱ የሚደርስባቸው ይኸው ነው። መዘግየት አንድ ነገር፣ መቋረጥ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሰው ያልታመመውን ሲያክም ይኖራል።

መቋረጡ እንዴት እንደሚመጣ በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ሥዕሉ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ይፈልጋል እንበል። የአሥር ሰከንዱ ቁራጭ 50 ሜጋቢት ይሆናል። ወደ ቤት የሚገባው 4 ሜጋቢት ብቻ ቢሆን አንዱ ቁራጭ ለመምጣት 12 ሰከንድ ተኩል ይፈጃል፤ ስለዚህ በየቁራጩ ሁለት ሰከንድ ተኩል ከጐተራው ይጐድላል። ጐተራው በሠላሳ ሰከንድ ከጀመረ፣ ዘጠነኛው ቁራጭ በመንገድ ላይ ሳለ፣ ማለት በ110ኛው ሰከንድ ላይ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ሥዕሉ ይቆምና በመካከሉ ክብ ነገር መሽከርከር ይጀምራል። «መጀመሪያ ደኅና ነበር፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ» የሚለው የተለመደ ሮሮ ምሥጢሩ ይህ ነው። መሣሪያው ወደ ቀጭኑ ጥራት እንዲወርድ ካልተከለከለ በቶሎ ያገግማል፤ ባለቤቱ ግን በማስተካከያው ውስጥ ከፍተኛውን ጥራት መርጦ ከቆለፈው የሚወርድበት መንገድ የለውም።

የሚሽከረከረው ክብ ከሁሉ የከፋ ምስክር ነው። የአንቴናው ነጠብጣብ ስለ ሞገዱ፣ ጥላውም ስለ ተራራው ይናገር ነበር፤ ክቡ ግን ጐተራው ባዶ ነው ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። እህሉ ከእርሻው ጠፍቶ ይሁን፣ በመንገድ ተይዞ ይሁን፣ ከደጃፍ ደርሶ የሚያስገባው ጠፍቶ ይሁን አይገልጽም።

እህሉ ከእርሻው የጠፋበትን አንድ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2018 የዓለም ዋንጫ በአውስትራልያ የአብዛኞቹ ግጥሚያዎች መብት የኦፕተስ የስልክ ኩባንያ ሆኖ ሥርጭቱ በኢንተርኔት ይቀርብ ነበር። በመጀመሪያዎቹ የጨዋታ ቀኖች ገንዘብ ከፍለው የተቀመጡ ተመልካቾች ሥዕሉ እየቆመባቸው ተቸገሩ። ነገሩ ከፍ ብሎ ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል ራሳቸው የኩባንያውን ኃላፊ እስከ ማነጋገር ደረሱ። በመጨረሻ ግጥሚያዎቹ ኤስቢኤስ በተባለው ነጻ ጣቢያ በአየር ሞገድ እንዲታዩ ተደረገ፤ ኦፕተስም ይቅርታ ጠይቆ ገንዘብ መለሰ። ለታሪክ ተማሪ ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ እንደ ተቀመረ ሙከራ ይቈጠራልና። አገሩ አንድ፣ ጨዋታው አንድ፣ ተመልካቹም አንድ ሆኖ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው፤ በአሮጌው መንገድ ብዛት ያለው ሕዝብ ያለ ችግር ተመለከተ። በኖቬምበር 2024ም ኔትፍሊክስ የማይክ ታይሰንንና የጄክ ፖልን ቡጢ ሲያሠራጭ ኩባንያው እንዳስታወቀው በአንድ ጊዜ እስከ 65 ሚሊዮን የሚደርስ ሥርጭት ተከፍቶ ነበር፤ በዚያም ሌሊት ብዙ ሰው ሥዕሉ ቆመብኝ ብሎ አማረረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ባለቤቱ ሞደሙን መቶ ጊዜ ቢያጠፋና ቢያበራ የሚለወጥ ነገር የለም። ይህንንም ለማወቅ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ በሌላ መስመር ወደሚጠቀም ዘመድ ደውሎ የእርሱም ቆሞ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው።

መንገዱ ራሱ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ወቅት በዲሽ የሚመጣው ቴሌቪዥን መታየቱን አላቆመም ነበር። አዲሱ መንገድ ስለ መጣ አሮጌውን ብረት ከጣራ አውርዶ ለቈራሌው መሸጥ የሚቸኵል ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ይሁን እንጂ በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያጋጥመው እክል በብዙ ቤት የሚገኘው ከላኪውም ከመንገዱም ሳይሆን ከደጃፍ ወዲህ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው። የዋይፋይ የመጀመሪያው ደረጃ በ1997 ከወጣ ጀምሮ ቤቶች የውስጥ ገመዳቸውን ትተው ወደ አየር ተመለሱ። አያቶቻችን ከጣራ ላይ ያባረሩት የሞገድ ችግር በሳሎን በኩል ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በብዛት የሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚጠቀምበት ስለ ሆነ ምግብ በሚሞቅበት ደቂቃ ሥዕሉ ሊቆም ይችላል። በአፓርታማም የጐረቤቶች ሁሉ ሞገድ በዚያው ጠባብ ስፍራ ይጋፋል። የ5 ጊጋኸርዙ ሞገድ ሰፋ ያለ ስፍራ አለው፤ ነገር ግን ግድግዳ ለማለፍ ከፊተኛው ይደክማል። ቆርቆሮና ብረት የታሰረበት ኮንክሪት ለሁለቱም ክፉ ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ ራውተሩ ለጌጥ ሲባል ከቡፌው ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተደብቆ ዳንቴል ይለብሳል። የቴሌቪዥኑ ሰፊ ሰሌዳ በውስጡ ብረት ስላለው ከኋላው የተቀመጠውን ራውተር እንደ ጋሻ ይከልለዋል።

ከዚህ የረቀቀው እክል ዘግይቶ ታወቀ። ጂም ጌቲስ የተባለ፣ የድረ ገጾች መገናኛ ደንብ ከጻፉት ሰዎች አንዱ የሆነ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ በ2010 በገዛ ቤቱ ትልቅ ፋይል በሚልክበት ጊዜ የቀረው ኢንተርኔት ሁሉ እንደሚንቀራፈፍ አስተዋለ። መስመሩን ሲመረምር ጥቅሎች ከአንድ ሰከንድ በላይ ወረፋ ሲጠብቁ አገኘ። ምክንያቱም የማስታወሻ ዋጋ ስለ ረከሰ የሞደም ሠሪዎች ጥቅል እንዳይጠፋ በማሰብ እጅግ ትልቅ ማቆያ ሠርተው ስለ ነበረ ነው። አንድ ስልክ ፎቶግራፎች መላክ ሲጀምር ማቆያው ይሞላል፤ «ቀጣዩን ቁራጭ ላክልኝ» የምትለው ትንሽ መልእክት ከኋላ ተሰልፋ ትቀራለች። ጌቲስ ይህን ባፈርብሎት ብሎ ሰየመው። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ወረፋው ከመጠን ሲያልፍ የሚያሳጥር ኮዴል የተባለ ዘዴ አወጡ፤ ዛሬ በተሻሉ ራውተሮች ውስጥ ይገኛል። በተመልካቹ መሣሪያ ውስጥ ጐተራ ማብዛት መድኃኒት ሲሆን በሞደሙ ውስጥ ማብዛት በሽታ ሆኖ መገኘቱ ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን እጅግ ያስገረመኝ ነገር ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የቤቱ ሰው ሁሉ ስልኩን ኃይል ለመሙላት ሲሰካ ስልኮቹ በቀን የተነሣውን ፎቶግራፍ በየፊናቸው ወደ ማከማቻ መላክ ይጀምራሉ፤ ዜናውም በዚያው ሰዓት ይቆማል።

እንግዲህ ፍለጋው ከየት ይጀመር? ከጣራው ልጅ የምንማረው አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ማየትን ነው። ቴሌቪዥኑን ከራውተሩ ጋር በገመድ ማገናኘት ከሁሉ የሚቀድመው ፈተና ይመስለኛል፤ ዋጋው ጥቂት ነው፣ ፍርዱ ግን ግልጥ ነው። በገመድ ደኅና ከሆነ እክሉ በቤቱ አየር ውስጥ ነው፤ ራውተሩን ከቡፌው አውጥቶ ከፍ ባለ ገላጣ ስፍራ ማኖር ይበቃ ይሆናል። በገመድም ከቆመ የቀሩትን ስልኮች ሁሉ ከመስመሩ አውጥቶ እንደ ገና ማየት ነው። ያም ካልረዳ በሰው ብዛት ከሚጨናነቀው ምሽት ይልቅ ማለዳ መሞከር ስለ ውጭው መንገድ ያስረዳል። ብዙ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የፍጥነት መለኪያ ከፍቶ ትልቅ ቍጥር ካየ መስመሩን ነጻ ያወጣዋል። መለኪያው የሚነግረው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያለውን ሩጫ ነው፤ የቀጥታ ሥርጭት የሚፈልገው ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይደናቀፍ መሄድን ነው።

ሌላም የሚያሳስት ፈተና አለ። «የተቀዳው ፊልም ያለ ችግር ያልፋል፣ የቀጥታው ብቻ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጣቢያው ነው» የሚል ክርክር ዘወትር ይሰማል። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የተቀዳው ፊልም ቀድሞ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተከምሮ ያለ እህል ነው፤ መሣሪያው መንገዱ በተመቸው ጊዜ የብዙ ደቂቃ ስንቅ አስቀድሞ ስለሚያመጣ የሃያ ሰከንድ መሰናክል አይሰማውም። የቀጥታው ሥርጭት ግን ገና በአውድማው ላይ ያለ እህል ነው፤ ያልተደረገውን ነገር ቀድሞ ማምጣት አይቻልምና ጐተራው ከሠላሳ ወይም ከአርባ ሰከንድ አያልፍም። ስለዚህ ያው የቤት ውስጥ እክል ፊልሙን ሳይነካ የቀጥታውን ሊያቆም ይችላል።

አፕል በ2019 ቁራጩን እንደ ገና በጣም በትንንሹ እየከፈለ መዘግየቱን ወደ ጥቂት ሰከንድ የሚያወርድ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ሌሎችም ተመሳሳይ ዘዴ አውጥተዋል። የጐረቤት ጩኸት ለሚያናድደው የኳስ ወዳጅ ይህ ምሥራች ነው። ነገር ግን መዘግየቱ የሚቀንሰው ጐተራው ስለሚያንስ ነው። ሠላሳ ሰከንድ ስንቅ ያለው ቤት የማይሰማው መሰናክል ሦስት ሰከንድ ብቻ ያለውን ቤት ወዲያው ያስቆመዋል፤ ራውተሩ ቡፌ ውስጥ ላለበት ቤትም አሮጌውና ዘገምተኛው አሠራር ለጊዜው ይሻለዋል።